የመጋዘን ሙቀት ስንት ያስከፍለናል?

ዛሬ የገበያ ዋጋ አልለጥፍም፤ ዋጋውን ውስጥ ውስጡን ስለሚበላው ነገር እናውራ። ሆሳዕና ላይ ስንዴ፣ ከሀደሮና ከዱራሜ በኩል ደግሞ ቡና ሳገበያይ ክርክሩ ሁሌ ኪሎና ጥራት ላይ ነው። ዕቃው ያደረበትን ቤት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙው መጋዘናችን ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ነው። አገሩ ደጋ ቢሆንም የበጋ ፀሐይ ጣሪያውን ሲመታ ውስጡ ምድጃ ይሆናል። የድሮው የሣር ቤት በዚህ ይሻል ነበር።

ሰሞኑን "ኮርኒስ ላሠራ ወይስ ማራገቢያ ልግዛ?" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል። ሒሳቡን አብረን እንሥራ።

1. የመብራት ወጪ
ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ኪሎዋት በሚሠራበት ሰዓት አባዙት። ለምሳሌ 1.5 ኪሎዋት የሆነ ማራገቢያ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ 312 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህን በቢላችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት። ኮርኒስ ተሠርቶ ሥራው ወደ 5 ሰዓት ቢወርድ 195 ይሆናል፤ በወር 117 ተረፈ ማለት ነው። ግን በ12 ወር እንዳታባዙት! ማራገቢያው የሚያስፈልገው ከጥር እስከ መጋቢት ከሆነ የዓመቱ ቁጠባ 351 ብቻ ነው። የኮርኒሱን ዋጋ ለዚህ ብር ስታካፍሉት በስንት ዓመት እንደሚመለስ ታያላችሁ። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለ4 ዓመት በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር ስለተወሰነ በዛሬው ታሪፍ ብቻ አታስሉ።

2. የክብደት ወጪ
ዋናው ገንዘብ እዚህ ነው። 100 ኩንታል የተፈለፈለ ቡና በ12 በመቶ እርጥበት ገብቶ 10 በመቶ ላይ ቢወጣ 97.8 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። 222 ኪሎ፣ ማለትም 13 ፈረሱላ ተነነ! ሁሉም የጣሪያው ጥፋት ነው አልልም። ግማሹን እንኳ ቢያድን 6 ፈረሱላ ተኩል ነው። በዛሬ ዋጋ አባዙትና ከመብራቱ ቁጠባ ጋር አስተያዩት። ኮርኒሱን በመብራት ብቻ ከለካችሁት አያዋጣም ትላላችሁ፤ በፈረሱላ ስትለኩት መልሱ ሊለወጥ ይችላል።

የስንዴ ዘር ለምታስቀምጡ ዩኒየኖች ደግሞ፦ ሙቀቱ በ5 ዲግሪ ገደማ ሲቀንስ የዘር ዕድሜ በእጥፍ ይረዝማል የሚል የታወቀ የባለሙያዎች መመሪያ አለ። ነቀዝም በ30 ዲግሪ አካባቢ ነው በፍጥነት የሚራባው።

3. ቅደም ተከተል
ከርካሹ ጀምሩ። የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉ። የውጭው አየር ከውስጡ ቀዝቃዛና ደረቅ ሲሆን መስኮት ክፈቱ፤ በክረምት ዝናብ ዝጉ። ጆንያውን ከመሬትና ከግድግዳ አርቁ። ከዚያ ጣሪያው ሥር የሞቀ አየር መውጫ ይከፈት፣ ቀጥሎ ኮርኒስ። ማራገቢያ መጨረሻ ይሁን፤ ጣሪያው እያጋለ ማራገቢያ መግዛት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ለተከራዮች አንድ ምክር፦ ኮርኒሱ ወጪውን በ3 ዓመት የሚመልስ ከሆነና ውላችሁ የ1 ዓመት ከሆነ፣ ለባለቤቱ ስጦታ እየሰጣችሁ ነው። ወይ ውሉን አስረዝሙ፣ ወይ ወጪው ከኪራይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ተስማሙ።

የመጋዘናችሁን ስፋትና የመግቢያና የመውጫ እርጥበት ላኩልኝ፣ አብረን እናሰላለን። መልካም ገበያ!