የጉንፋን መድኃኒትና የንጹሕ ሰው ስም

በጌዴኦ ደጋማ ስፍራዎች፣ በተለይም በቡሌ አካባቢ፣ ዝናሙና ጉሙ ሲበረታ ጉንፋን ከቤት ወደ ቤት ይዘዋወራል። የዲላ ሰውም እንደ ሌላው አገር ሰው መጀመሪያ የሚሻው ዳማከሴውን፣ ጤና አዳሙን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ነው፤ ይህ ያልረዳው እንደ ሆነ ግን ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠውን ክኒን ወይም የሳል ሽሮፕ ይገዛል። ይህን ማድረጉ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች በሽንትና በትንፋሽ ምርመራ ላይ ምልክት ሊተዉ እንደሚችሉ ሁሉም ቤተሰብ የሚያውቀው ስላልሆነ፣ ስለዚሁ ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

ነገሩ ለማን ይጠቅማል? ዲላ ከአዲስ አበባ በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኝ የቡና ከተማ ናት። ከወናጎና ከይርጋ ጨፌ ቡና ጭነው የሚነዱ ሰዎች፣ ለሩጫ የሚሠለጥኑ ወጣቶች፣ ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ የሚሰናዱ ልጆች በየቤቱ አሉ። ነጂው የትንፋሽ፣ ሯጩና መንገደኛው የሽንት ምርመራ ሊታዘዝባቸው ይችላል። ያን ጊዜ አንዲት ክኒን የሰውን እንጀራና መልካም ስም አደጋ ላይ ልትጥል ትችላለች።

በመጀመሪያ የሚደረገው ፈጣን የሽንት ምርመራ የቅመሙን መልክ እንጂ ማንነቱን አጣርቶ አያውቅም። የታፈነ አፍንጫን የሚከፍተው ፕሲዶኤፌድሪን፣ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ቅመም ጋር በመልክ ስለሚቀራረብ፣ አንዳንዱ ምርመራ አንዱን በሌላው ስፍራ ይቆጥረዋል። ሳልን የሚያስታግሠው ዴክስትሮሜቶርፋንም እንዲሁ አንዳንድ ጊዜ በሌላ ዕፅ ስም ይታማል። ኮዴይን ያለበት የሳል መድኃኒት ግን ከእነዚህ ይለያል፤ ኮዴይን በባሕርዩ የኦፒየም ወገን ነውና ምርመራው የኦፒየም ወገን አገኘሁ ቢል አልተሳሳተም። በተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶችም ኮዴይን ያለበትን መድኃኒት ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያስጠይቃል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምርመራ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም። እውነቱን የሚያጣራው፣ ቅመሞቹን አንድ በአንድ እየለየ የሚመዝነው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው።

በስፖርት ዘንድ ሕጉ ይጠብቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሎምፒክ የ16 ዓመቷ ሩማንያዊት የጂምናስቲክ ተወዳዳሪ አንድሬያ ራዱካን፣ የቡድኑ ሐኪም ለጉንፋን በሰጣት ፕሲዶኤፌድሪን ባለበት ክኒን ምክንያት የወርቅ ሜዳሊያዋን ተነጠቀች፤ ይግባኝ ብትልም አልተመለሰላትም። ይህ ቅመም ከ2004 ጀምሮ ከተከለከሉት መዝገብ ወጥቶ ነበር፤ በ2010 ግን ተመለሰ። አሁን በውድድር ጊዜ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ150 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ያስጠይቃል። ስለዚህ ሯጭ ከውድድሩ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ እንዲያቆመው ይመከራል። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲንም የዚሁ ቅመም ዘመድ ነው፤ ለእርሱ የተወሰነው ልክ ደግሞ 5 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። በአገራችንም ይህን የሚቈጣጠር የፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን ስላለ፣ ሯጭ መድኃኒት ከመዋጡ በፊት መጠየቅ ይገባዋል።

ወደ ትንፋሽ ምርመራ እንመለስ። አንዳንድ የሳል ሽሮፖች አልኮል አለባቸው፤ ነጭ ሽንኩርት በአረቄ ዘፍዝፎ የሚወስድ ሰውም አልኮል መጠጣቱን አይርሳ። ሽሮፑ እንደ ተዋጠ ወዲያው ቢነፋ፣ በአፍ ውስጥ የቀረው አልኮል መሣሪያውን ከፍ ያለ ቍጥር ያስነብበዋል። ይህ የአፍ አልኮል ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠፋ፣ መርማሪው ጥቂት ቆይቶ ዳግመኛ ቢለካ እውነቱ ይታወቃል። ጠጅና አረቄ ጠጥቶ «የሳል መድኃኒት ነው» የሚል ሰው ግን ከሁለተኛው ልኬት አያመልጥም፤ የደም አልኮል እንደ አፍ አልኮል በደቂቃዎች ውስጥ አይጠፋምና።

ከምርመራው የሚበልጥ ሌላ ነገርም አለ። በብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያለው ክሎርፌኒራሚን እንቅልፍ ያመጣል። የትንፋሽ መሣሪያው ይህን አያይም፤ ነገር ግን ከይርጋ ጨፌ ወደ ዲላ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ለሚያንቀላፋ ነጂ አይራራም። ስለዚህ ክኒኑን የዋጠ ሰው ዓይኑ ከከበደው መሪ ባይጨብጥ ለራሱም ለሌላውም ይበጃል።

የቤት እመቤቶችና አባቶች ሆይ፣ የመድኃኒቱን ማሸጊያ አትጣሉ፤ በላዩ ላይ የተጻፈው የቅመሙ ስም በክርክር ጊዜ ምስክር ይሆናችኋልና። መድኃኒት ሻጩን «ይህ እንቅልፍ ያመጣልን? አልኮል ወይም ኮዴይን አለበትን?» ብላችሁ ጠይቁ። ለምርመራ የሚቀርብ ልጃችሁ የወሰደውን ሁሉ ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት ለመርማሪው ይንገር፤ ውጤቱ ያላመነበት ቢሆንም የማጣሪያው ምርመራ እንዲደረግለት በትሕትና ይጠይቅ። አስቀድሞ የተነገረ እውነት ከኋላ ከሚቀርብ ምክንያት ይልቅ ይታመናልና፣ ይህን ልማድ ልጆቻችን ከቤት ይዘውት እንዲወጡ እናድርግ።