ሸክላም እንደ ሸማ ወደ ብርሃን ይነሣል

ሸማ ተራ ነጠላ ሊገዛ የገባ ሰው መጀመሪያ ጨርቁን ዘርግቶ ወደ ብርሃን ያነሣል። የሳሳ ድር፣ የላላ ማግ፣ ተበጥሶ የተቀጠለ ክር እዚያው ይጋለጣል። አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ የሚያሳድደው ወዳጃችን ግን ዐይኑን ሽፋኑ ላይ ተክሎ ይከፍላል።

ሸክላውን በአግድም ብርሃን ሥር ዘንበል አድርገው ይዩት። ድምፁ የተቀረጸበት ቦይ ጤነኛ ከሆነ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። በከባድ የማጫወቻ ክንድ ወይም ባለቀ መርፌ ለዓመታት የተጫወተው ወደ ግራጫ ያደላል። ያ ግራጫ ታጥቦ የሚለቅ አቧራ አይደለም፤ መርፌ የፋቀው የቦዩ ግድግዳ ነው። ጭረት ጠቅ ጠቅ ብሎ ያልፋል፣ ግራጫው ግን ዘፋኙን ያጎረንነዋል።

ቀጭን ድምፅ የሚበዛበት ሙዚቃ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞር ትልቅ ሸክላ ጠርዙ ላይ ቦዩ በመርፌው ሥር በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ያልፋል። መሐሉ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 20 ገደማ ይወርዳል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ይታጨቃል፣ የቀጭን ድምፆች ኩርባ ይጠብባል፣ መርፌው መከተል ያቅተዋል። የሄቪ ሜታል ጊታር ሆን ተብሎ የተጎረነነ፣ በቀጭን ድምፆች የታጨቀ ስለሆነ የየገጹ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ይሸነፋል።

ወፍራሙ ድምፅም የራሱ ጣጣ አለው። ቤዝ ቦዩን ወደ ጎን በሰፊው ያወዛውዘዋል፤ ስለዚህ ሲቀረጽ ይቀነሳል፣ ማጫወቻው መልሶ ያነሣዋል። ምን ያህል እንደሚቀረጽ የሚወስነው ቦዩን የሚቆርጠው ባለሙያ ነው። የሄቪ ሜታል አባት ከሚባሉት አንዱ የሌድ ዜፕሊን ሁለተኛ አልበም በ1969 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ባለሙያው ቦብ ሉድዊግ በድፍረት፣ በሙሉ ኃይል ቆረጠው። ርካሽ ማጫወቻ ላይ መርፌው እየዘለለ ስላስቸገረ በለዘበ ቅጂ ተተካ ይባላል። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚያድኑት ያንኑ አስቸጋሪውን ነው፤ የሚለየውም ከመሐል ወረቀቱ አጠገብ፣ ሙዚቃ በሌለበት ባዶ ቀለበት ላይ በተጫሩት የባለሙያው ስም መነሻ ፊደላት ነው። ሽፋኑ ይህን አይነግርም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የአገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም ያወጣቸው ሸክላዎች በብዛት ባለ 45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ትንንሽ ሸክላዎች) ነበሩ። ትንሿ ሸክላ በፊዚክስ ዕድለኛ ናት፦ መነሻዋ ላይ በሰከንድ 40 ሴንቲ ሜትር ግድም፣ መጨረሻዋ ላይ ከ25 ብዙም አትወርድም። ጎርናናው ሳክስፎን እስከ መጨረሻው የሚተነፍስበት ቦታ አለው። (እኔ የዘመኑን ዘፈን በትልቅ ስብስብ ሸክላ ከመስማት ባለ 45ቱን እመርጣለሁ፤ መነሣት መገልበጡ አይከፋኝም።) ጠላቷ የቡና ቤት ማጫወቻ ነው። ተወዳጅ ሆና ግራጫ ያልሆነች ማግኘት ብርቅ ነው።

በካይፋ ሪከርድስ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው የማሕሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1986 እ.ኤ.አ. አውሮፓ ውስጥ እንደገና ታትሟል። የእንዲህ ዓይነት ዳግም እትም ሻጭ «አዲስ ነው» ሲል ጥያቄው ከምን እንደተገለበጠ ነው። ከዋናው የድምፅ ክር ከሆነ ደህና፤ ካረጀ ሸክላ ከሆነ ግን ጠቅታውም አብሮ ታትሟል።

ሱቁ ማጫወቻ ካለው ደግሞ ከመጀመሪያው ዘፈን አይጀምሩ። መርፌውን በቀጥታ መሐል ወረቀቱ አጠገብ ወዳለው ወደ መጨረሻው ያሳርፉት።