ከበደሳ የተነሣ ዘፈን ሬዲዮ ላይ እንዴት ይወጣል?

ምዕራብ ሐረርጌ፣ በደሳ ያለ ድምፁ ያማረ ወጣት ዛሬ ዘፈኑን ለመቅረጽ የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። ጭሮም ይሁን ገለምሶ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ደህና ማይክሮፎንና ኪቦርድ የሚጫወት ጓደኛ ካገኘ አንዲት ነጠላ ዜማ ትሠራለታለች። ዩቲዩብ ላይ ይጭናታል፤ በቴሌግራም ይበትናታል። ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አሳታሚና ማናጀር የሌለው ጀማሪ «አሁን ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ ዘወትር አንድ ነው፦ «ሬዲዮ ላይ አስወጣት»። የሬዲዮው በር የት እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍተው የሚያስረዳው ግን ብዙም አያገኝም። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለእሱ ነው።

በመጀመሪያ ጣቢያውን እንወቀው። የመጀመሪያዎቹ የግል ኤፍ ኤም ጣቢያዎች፣ ሸገር 102.1 እና ዛሚ 90.7፣ ሥራ ከጀመሩ ወዲህ በአገራችን ሬዲዮ አንድ አሠራር ሥር ሰድዷል። አድማጭ አንድ ጣቢያ የከፈተ ይመስለዋል እንጂ፣ ከሚሰማው ፕሮግራም ብዙው የአየር ሰዓት ገዝተው የሚሠሩ የተባባሪ አዘጋጆች ነው። ተባባሪ አዘጋጁ ስፖንሰር ያፈላልጋል፤ ለሰዓቱ ለጣቢያው ይከፍላል፤ በሰዓቱ ውስጥ የትኛው ዘፈን እንደሚገባም በአብዛኛው የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ፍላሽ ይዞ ጣቢያው በር ላይ ለጥበቃ ሰጥቶ የሚመለስ ወጣት ዘፈኑን የሰጠው ለማንም አይደለም። ማወቅ ያለበት የፕሮግራሙን ስም፣ ቀኑን፣ አዘጋጁን ነው። ፕሮግራሙን ራሱ ለጥቂት ሳምንታት ቢያዳምጥ ደግሞ ምን ዓይነት ሙዚቃ እንደሚወድ ይረዳል።

አንድ የሙዚቃ ፕሮግራም ምን ያህል ጉልበት ሊኖረው እንደሚችል ብርሃኑ ድጋፌ በሸገር የሚያቀርበው «ለዛ» አሳይቷል። ከፕሮግራምነት አልፎ የአድማጮች ሽልማት እስከ ማቋቋም ደርሷል። ከሽልማቱ ዘርፎች አንዱም ለአዲስ ድምፃዊ የተመደበ ነው።

ቢሆንም የበደሳ ልጅ መጀመሪያ አዲስ አበባን ማየቱ ትክክል አይመስለኝም። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ ተራራ ይጋርደዋል፤ የጨርጨርን ሸንተረሮች ለሚያውቅ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ላይ በማማው ዙሪያ የሚሰማ ዘፈን እናቱ ቤት ላይደርስ ይችላል። በምሥራቅ በኩል ድሬዳዋ ኤፍ ኤም 106.1 አለ፤ ፋና ሐረር ላይ በ94.8 ይሠራል፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የራሱ ጣቢያ አለው፣ 91.5። ዘፈኑ በኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ የኦሮሚያ ብሮድካስቲንግ ኔትወርክ አለ። እነዚህ ጣቢያዎች ውስጥ የሸጎዬን ጭፈራ ምት ሰምቶ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አዘጋጅ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ይህን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም። አዘጋጁ ዘፈኑን ከመክፈቱ በፊት የድምፃዊውን ስም በትክክል ጠርቶ፣ «ከበደሳ» ብሎ፣ ስለ ዜማው ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲናገር በርጫ ላይ የተቀመጠው ሰው ጨዋታውን አቁሞ ጆሮውን ይሰጣል። ያለ ስም ያለፈ ዘፈን ግን የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

ለዚህ አካባቢ ዘፋኝ ትልቁ ትምህርት የዓሊ ቢራ ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ድሬዳዋ ተወልዶ በልጅነቱ አፍረን ቀሎ የተባለውን የኦሮምኛ የሙዚቃ ቡድን ተቀላቀለ። «ቢራ» የተባለውም በመጀመሪያ መድረክ ላይ ባዜማት ዘፈን ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአገሪቱ ሬዲዮ ለኦሮምኛ ዘፈን ቦታ አልነበረውም፤ ቡድኑም ኋላ ታግዶ ተበተነ። ሠርግ ቤቶችና የዒድ በዓላት ግን አልተዘጉም ነበርና ሕዝቡ ዘፈኖቹን እዚያው ተቀብሎ ተማራቸው። ዓሊ ኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ከክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ጋር ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1971ም የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም የሚባለውን አወጣ። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ የኦሮሞ ሙዚቃ አባት ተብሎ ነው የተሸኘው። ሬዲዮው በሩን ሲከፍት ዓሊ የሚጠብቀው አድማጭ ነበረው። ሬዲዮ ያለውን ሰሚ ያበዛል፤ ከባዶ ግን አያመጣም። በበደሳና በቁኒ ሠርግ ላይ ሕዝብ ተቀብሎ ያላዜማትን ዘፈን ሐረር ያለ አዘጋጅ ቢያጫውታትም ዕድሜዋ አጭር ነው።

በሌላ በኩል ኃላፊነቱ የወጣቱ ብቻ መሆን የለበትም። አውስትራሊያ ውስጥ ትሪፕል ጄ የተባለው የሕዝብ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1995 «አንኧርዝድ» የሚል ውድድር ጀምሮ ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ያሉ ቡድኖችን መፈለግ ያዘ። የመጀመሪያው አሸናፊ ግሪንስፑን የተገኘው ሊዝሞር ከምትባል የክፍለ ሀገር ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ገና ተማሪ የነበረችው ሚሲ ሂጊንስ በዚሁ መንገድ ታወቀች። የእኛም የምሥራቅ ጣቢያዎች መቅረጫቸውን ይዘው ጭሮ፣ ሂርና፣ በደሳ፣ ገለምሶ ቢወርዱ የሚያጡት ጥቂት፣ የሚያገኙት ብዙ ነው። በገዳ ሥፍራው በኦዳ ቡልቱም ሥር የሚዜመውን ስቱዲዮ ተቀምጦ መስማት አይቻልም።

አሁን ፍላሹ ላይ ምን ይኑር? ድምፁ ሳይጨመቅ የተቀመጠ ንጹሕ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ከዩቲዩብ ተመልሶ የወረደ ቅጂ አየር ላይ ሲወጣ ድፍን ይላል። የፋይሉ ስም «አዲስ የመጨረሻ 3» ከሆነ አዘጋጁ ከመቶ ፋይል መካከል አያገኘውም፤ የድምፃዊው ስም፣ የዘፈኑ ርእስና ስልክ ቁጥር ፋይሉ ስም ላይ ይጻፍ። መግቢያው ረዥም ከሆነ ለሬዲዮ ብቻ አጠር ያለ ቅጂ ቢዘጋጅ ይመረጣል። ከዚህ ጋር ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማው የማን ነው፣ ማን አቀናበረው የሚለውን የያዘ አንድ ገጽ ይኑር። ዜማው የሕዝብ ከሆነም «የሕዝብ» ተብሎ ይገለጽ።

ይህች ገጽ የገንዘብም ጉዳይ ናት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራን በሬዲዮ ማሰራጨት የባለመብቱን ፈቃድ ወይም ክፍያ የሚጠይቅ ነው። ማሻሻያው፣ ቁጥር 872/2007፣ ባለመብቶች ክፍያውን በጋራ ማኅበር በኩል የሚሰበስቡበትን መንገድ አስቀምጧል። ስሙ ያልተመዘገበ ደራሲ ክፍያ ቢመጣ እንኳ የሚቀበልበት መንገድ የለውም። በተቃራኒው «ዘፈንህን ላጫውት ክፈለኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥም ደረሰኝና ውል መጠየቅ ተገቢ ነው። አሜሪካኖች ይህን በድብቅ የሚደረግ ክፍያ «ፔዮላ» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 በምክር ቤታቸው ከተመረመረ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ጣቢያዎች የተቀበሉትን ክፍያ ለአድማጭ እንዲገልጹ ሕግ አውጥተውበታል። በግልጽ ተዋውሎ የማስታወቂያ ሰዓት መግዛት ነውር አይደለም፤ በእጅ ተቀብሎ «ምርጫዬ ነው» ማለት ግን አድማጭን ማታለል ነው።

ጊዜም ይታሰብበት። ለአረፋ የተሠራ ዘፈን በዋዜማው ቢደርስ አዘጋጁ የበዓል ፕሮግራሙን ጨርሶታል፤ ስፖንሰሩም ተይዟል። ሦስትና አራት ሳምንት ቀድሞ መላክ፣ በሳምንቱ አንድ ጊዜ ደውሎ መድረሱን መጠየቅ፣ የሚጫወትበት ቀን ሲነገር ደግሞ ለበደሳ ባጃጅ ነጂዎችና ለሻይ ቤቶች አስቀድሞ ሰዓቱንና ሞገዱን ማስታወቅ ያስፈልጋል። ዘፈኑ እንዳለቀ ወደ ጣቢያው የሚደውሉት እነሱ ናቸው፤ አዘጋጁም በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና የሚከፍተው ስልኩ ሲጮህ ነው።