ማጽጃው የማይደርስበት ቫልቭ

ከመርሳ ወደ ውጫሌ የሚያወጣውን ዳገት በመኪና የወጣ ሰው የአምባሰል አየር መሳሳት ምን እንደሆነ ከሞተሩ ድምፅ ይረዳዋል። ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው አራት አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚህ ብቻ አንድ አምስተኛ የሚያህል ጉልበቱን ያጣል።

በቅርቡ በዚያው መንገድ የተሳፈርኩበት የቤት መኪና ግን ከዚህም በላይ ደክሞ ነበር። ሐይቅ ደርሰን ስንቆም ሚኒሞ መያዝ ተስኖት ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ‹‹ዶክተር፣ ከቤንዚኑ ጋር ሁለት ጠርሙስ ማጽጃ ጨምሬበታለሁ፤ እንዴት አይነጻም?›› ሲል ጠየቀኝ።

በካርቡሬተርም ሆነ በቀድሞው ኢንጀክሽን ቤንዚኑ ከአየር ጋር የሚገናኘው ከአየር ማስገቢያው ቫልቭ በፊት ስለሆነ፣ የቫልቩን ጀርባ እያጠበ ያልፋል። ሚትሱቢሺ እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ባቀረበው ዓይነት ሞተር ግን ኢንጀክተሩ ቤንዚኑን የሚረጨው በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው። ቤንዚኑ እዚያው ሲተን አየሩን ስለሚያቀዘቅዝ፣ ያለጊዜው ሳይቀጣጠል አብዝቶ ማመቅ፣ በዚህም ነዳጅ መቆጠብ ይቻላል። ጥቅሙ አይካድም፤ ቫልቩ ግን አጣቢ አጣ።

ጥላሸቱስ ከወዴት መጣ? ከፒስተኑ ቀለበቶች ሾልኮ ወደ ዘይት መያዣው የሚወርደው ጋዝ አካባቢን እንዳይበክል ወደ አየር ማስገቢያው ይመለሳል፤ ሲመለስም የዘይት ጉም ይዞ ነው። ዘይቱ በጋለው ቫልቭ ላይ ሲያርፍ ቀላሉ ክፍል ይተናል፤ ከባዱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ፣ ሞለኪውሎቹም እርስ በርስ ተሳስረው ይጠጥራል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲያሟሹ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ምጣዱ ላይ የምንሻውን ቫልቩ ላይ አንሻውም እንጂ። ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ የአየሩን መተላለፊያ ያጠባል፣ ፍሰቱንም ያውካል፤ አስቀድሞ በሳሳው የወሎ አየር ላይ ሌላ ቅናሽ ማለት ነው።

እንግዲህ በነዳጅ ታንከሩ የተጨመረ ማጽጃ የኢንጀክተሩን አፍ ሊያጸዳ ይችላል፤ ወደ ቫልቩ ጀርባ ግን መንገድ የለውም። ቶዮታን የመሳሰሉ አምራቾች በአንዳንድ ሞተሮቻቸው ላይ ከቫልቩ በፊት የሚረጭ ተጨማሪ ኢንጀክተር የገጠሙት ለዚህም ጭምር ይጠቅማል። ይህ በሌለው ሞተር ማኒፎልዱ ተፈትቶ፣ ቫልቮቹ ተዘግተው ጥላሸቱ በእጅ ይፋቃል፤ አለዚያም የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በታመቀ አየር ይረጭበታል። ቅርፊቱ ካርቦኑን ለማንሳት ይጠጥራል፤ ብረቱን ለመቧጨር ግን ይለሰልሳል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ ቀድመው የገቡት ገና ብዙ ዓመት ማገልገል ይጠበቅባቸዋል። ወዳጃችንም ሦስተኛውን ጠርሙስ ትቶ ደሴ ላይ ማኒፎልዱን አስፈታ። ከቫልቮቹ ጀርባ የተፋቀው ጥላሸት የቡና ስኒ አጋመሰ።