ከአብዬ ሸንጎ እስከ ዓለም መንግሥታት ጉባኤ፤ የሕግ ሊቁ የፕሮፌሰር ፍራንሲስ ዴንግ የሥራ ታሪክ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ፍርድ የሚፈለገው በሁለት ደጅ ነው። አንደኛው በተጻፈ ሕግ የሚያስችለው ፍርድ ቤት ሲሆን፥ ሁለተኛው ባላባቶች በአባቶች ልማድ የጋብቻን፥ የጥሎሽንና የከብትን ክርክር የሚቈርጡበት ሸንጎ ነው። አገሪቱ ነጻ በወጣችበት በ2011 ዓመተ ምሕረት (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) የወጣው የሽግግር ሕገ መንግሥት፥ ሁለቱንም የሕግ ምንጭ አድርጎ ተቀብሎአል። እነዚህ ሁለት ሕጎች የሚስማሙበትን መንገድ ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር ፍራንሲስ ማዲንግ ዴንግ ናቸው።

ፕሮፌሰር ዴንግ በ1938 በአብዬ አገር ተወለዱ። አባታቸው ዴንግ ማጆክ የንጎክ ዲንካ ነገድ ዋና ባላባት ስለ ነበሩ፥ ያደጉት ሙግትና ዕርቅ በማይለዩበት ቤት ነው። በ1962 ከካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቁ፤ በ1968ም በአሜሪካ ከየል ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። በኒው ዮርክና በየል ዩኒቨርሲቲዎችም አስተምረዋል። በ1971 ስለ ዲንካ ሕግ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ አዲሱ ሕግ የቀደመውን ልማድ ሊያሻሽለው እንጂ ነቅሎ ሊጥለው እንደማይገባ አስረድተዋል።

በ1972 በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ስምምነት የሱዳንን የመጀመሪያ የእርስ በርስ ጦርነት አቁሞ ጁባን የደቡቡ አስተዳደር መቀመጫ ባደረጋት ጊዜ፥ ፕሮፌሰር ዴንግም ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ። በስካንዲናቪያ አገሮች፥ በአሜሪካና በካናዳ አምባሳደር፥ በውጭ ጉዳይም ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ ሆነው አገለገሉ። ነገር ግን በ1983 ጦርነቱ እንደ ገና ተነሣ።

ከ1992 እስከ 2004 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፥ በገዛ አገራቸው ከቤታቸው ለተፈናቀሉ ሰዎች ጉዳይ የዋና ጸሐፊው ተወካይ ነበሩ። ስለ እነዚሁ ሰዎች መብት በ1998 የቀረቡት 30 መሠረተ ሐሳቦች በእርሳቸው መሪነት ተዘጋጁ። የትምህርታቸውም ፍሬ ነገር፥ የአንድ መንግሥት የበላይነት ሕዝቡን የመጠበቅ ኃላፊነት እንጂ ከተጠያቂነት የሚሸሸግበት አጥር አይደለም የሚል ነው።

ይህ ትምህርት እጅግ የተፈተነው በገዛ አገራቸው ነው። በ2012 ደቡብ ሱዳንን በመወከል በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የመጀመሪያው አምባሳደር ሆኑ። በታኅሣሥ 2013 ግን በጁባ ውጊያ ተነሥቶ፥ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ነዋሪዎች ሕይወታቸውን ለማትረፍ በድርጅቱ ሰፈር ተጠለሉ። ለተፈናቃዮች መብት የደከሙት ሊቅ፥ ሕዝቡ የተፈናቀለበትን መንግሥት ቃል በዓለም ፊት ማሰማት ግድ ሆነባቸው፤ በዚሁም ሥራ እስከ 2016 ቈዩ።

እንግዲህ ከእኒህ ሰው የሥራ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መልካም ሕግ መጻፍ የሊቃውንት ድካም ነው፤ ሕጉን የሚያጸናው ግን በየዕለቱ የሚሠራበት አስተዳዳሪ ነው። እርሱ ሕጉን ባላከበረበት ስፍራ ነጋዴው ሱቁን፥ ገበሬው ከብቱን፥ ሁሉም ቤቱን ጥሎ ይሰደዳል።