«ኮሮና እኛን አልነካንም» እና ሌሎች ወሬዎች

ስለ ኮሮና ሲነሳ «ኧረ ተዉት፣ እኛን ምን አደረገን?» የሚል አይጠፋም። መቼ ረሳነውና ነው? ግን የምናስታውሰው ወሬውን ነው፤ ከወሬው ደግሞ ብዙው ሲመረመር አይቆምም።

አልነካንም የሚሉት የሚጠቅሱት ቁጥር አላቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ከተገኘ ወዲህ በይፋ የተመዘገበው ሟች ከ7,500 ጥቂት ቢበልጥ ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ይህ በእርግጥ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቁጥሩ የሚቆጥረው በበሽታው የሞተውን ሁሉ ሳይሆን ተመርምሮ የተገኘበትን ነው። ለመመዝገብ ናሙና መስጠት ያስፈልጋል፤ ናሙና ለመስጠት ደግሞ የሚመረምር ጣቢያ አጠገብ መኖር አለበት። ገጠር ውስጥ ሳል ጠንቶበት ቤቱ ያረፈ አዛውንት የማን መዝገብ ላይ ይሰፍራል? ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ፍትሐቱ ወይም ሶላቱ ይደርሳል፣ ቀብር ይፈጸማል፣ «ጉንፋን ነበረ» ተብሎ ያልፋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ እንኳ በአገራችን በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ግምት፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ 14.9 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ አገሮች ያሳወቁት ግን 5.4 ሚሊዮን ነበር። የድርጅቱ የአፍሪካ ቢሮም የደም ምርመራ ጥናቶችን ሰብስቦ ሲያሰላ፣ እስከ 2014 መግቢያ ድረስ ከአፍሪካውያን 65 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ ሳይዛቸው እንዳልቀረ ገምቷል። ስለዚህ ነክቶናል። የገደለው ከአውሮፓ አንጻር ጥቂት ከሆነ፣ አንዱ ትልቅ ምክንያት የሕዝባችን ዕድሜ ነው፤ ግማሹ ገደማ ሃያ ዓመት አልሞላውም፣ በሽታው ደግሞ የሚበረታው በአረጋውያን ላይ ነው።

«በፌጦና በነጭ ሽንኩርት ነው የተረፍነው» የሚለውም ከዚሁ ከወጣትነታችን ይመጣል። የዚያን ጊዜው የሎሚና የዝንጅብል ዋጋ የሚረሳ አይደለም። ትኩስ ነገር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ይህን የሚክድ የለም፤ ከቫይረሱ እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። አብዛኛው ወጣት ያለምንም መድኃኒት ይድን ስለነበር ምስጋናው በዚያን ሰሞን ለጠጣው ነገር ሆነ።

የመጀመሪያው ታማሚ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ በመሆኑ «ፈረንጅ ያመጣው» መባሉም ጉዳት አደረሰ። በአዲስ አበባ የውጭ ዜጎች «ኮሮና» እየተባሉ ሲሰደቡና ሲዋከቡ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ ማስጠንቀቂያ እስከ ማውጣት ደርሷል። ቫይረሱ ግን ፓስፖርት አይለይም፤ ከውጭ ተመላሽ ኢትዮጵያውያንም ይዘውት ገብተዋል፣ ከዚያም እርስ በርሳችን አስተላለፍነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ እጃችንን አጥበን መስኮት መዝጋታችን ነው። ባንክ በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜልና ሳሙና ነበር፣ ብሩም አልኮል ይረጭበት ነበር። ታክሲ ውስጥ ግን ጭምብሉ አገጭ ላይ ወርዶ፣ «ብርድ ይመታኛል፣ ዝጋው» ይባል ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ አየር፣ በተለይም በታፈነ ቦታ ነው፤ ከዕቃ ላይ የመያዝ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። እጅ መታጠብ ለተቅማጥም ሆነ ለሌላው ጠቃሚ ነውና አይከፋም። የተዘጋው መስኮት ግን ከብሩ ይልቅ አደገኛ ነበር። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታክሲው በግማሽ እንዲጭን ሲደረግ፣ ታሪፉ እጥፍ ሆኖ ብናማርርም፣ በሽታውን የሚቀንሰው እሱ ነበር።

«ሕፃናትን አልጎዳም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አብዛኞቹ በጠና አልታመሙም። ትምህርት ቤት ግን ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ጀምሮ ለወራት ተዘግቷል፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የቀረበው ትምህርት ደግሞ ሬዲዮም ቴሌቪዥንም የሌለው ቤት አልገባም።

የቀረው የክትባቱ ጥርጣሬ ነው፦ «እኛ ላይ ሊሞክሩብን ነው» የሚለው። ከመሬት የተነሳ አልነበረም። በመጋቢት 2012 አንድ የፈረንሳይ ሐኪምና አንድ ተመራማሪ በቴሌቪዥን ቀርበው የቲቢ ክትባት በኮሮና ላይ አፍሪካ ውስጥ ይሞከር ሲሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም ንግግሩን ዘረኛ ብለው አውግዘዋል። ሆኖም እኛ ዘንድ መጀመሪያ የደረሰው አስትራዜኔካ በሰው ላይ መጀመሪያ የተሞከረው ኦክስፎርድ ላይ፣ በእንግሊዛውያን ነው። እንግሊዝ ሕዝቧን መከተብ የጀመረችው በኅዳር 2013 ነው፤ እኛ ጋ የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወረርሽኙ ህንድን ሲያጥለቀልቃት እዚያ የሚመረተው ክትባት ለራሷ ሕዝብ እንዲቀር ተደረገ፤ ኮቫክስ በተባለው የክትባት ማከፋፈያ በኩል ለድሃ አገሮች ይላካል የተባለውም ለወራት ዘገየ።