የሕመም ፈቃድ ደመወዝና ግብሩ

ለታመመ ሠራተኛ የሚከፈል ደመወዝ ርዳታ መስሏቸው ግብር አይነካውም የሚሉ ነጋዴዎች አይታጡም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ቢታመም የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ የሚቀጥሉትን ሁለት ወራት እኩሌታውን እንዲያገኝ፣ ተከታዮቹ ሦስት ወራት ግን ያለ ክፍያ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ይህም ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ስለ ሆነ አሠሪው ግብሩን ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል። ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በሁለተኛው ወር 10,000 ብር ቢቀበል፣ ግብሩ የሚታሰበው በተቀበለው በ10,000 ብር ላይ ነው። በሙሉው የሚያስብ አሠሪ በሽተኛውን ይበድላል፤ ጨርሶ የማይቀንስም ዕዳው በራሱ ላይ ይወድቃል። አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለው ትክክለኛ ወጪ ግን በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ከግብር ነፃ ነው፤ ስለዚህ ከደመወዙ ተለይቶ፣ ከነደረሰኙ በመዝገብ ሊያዝ ይገባል።